የነርስ ሥራና የበሽተኛ ዕድሜ

ዳኛ ያለ ሕግ አይፈርድም፤ ካህንም ያለ ሥርዐት አይቀድስም። እንደዚሁም የሰው ሕይወት በእጁ የተሰጠው ነርስ የሥራው ወሰን ተለይቶ ሊነገረው ይገባል።

የጽኑ ሕሙማን ነርስ ማለት በሽተኛው በሞትና በሕይወት መካከል ባለበት ሰዓት ከራስጌው የሚቆም ሠራተኛ ነው። ይህ ነርስ በየትኛው ክፍል ይሥራ? ዕድሜው ስንት የሆነውንስ በሽተኛ ያስታም? ምደባውን የሚፈርሙት ሹማምንት ናቸውና ጥያቄው ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም።

ወላይታ ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የአስተዳደሩ ማእከል ሆናለች። በከተማዋ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም ከልዩ ልዩ ወረዳዎች ሕመማቸው የጠና ሰዎች የሚላኩበት ነው። ከነዚህም መካከል ትናንት የተወለደ ጨቅላ አለ፤ በዕድሜ የገፋ ሽማግሌም አለ።

የዕድሜን ነገር በምሳሌ እናስረዳ። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በሚሠራበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ፥ ሁለት ወር ያልሞላው በደቂቃ 60 ጊዜ፥ ከ2 እስከ 12 ወር ያለው 50 ጊዜ፥ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ ትንፋሹ ፈጣን ነው ይባላል። እንግዲህ በደቂቃ 55 ጊዜ የሚተነፍስ ሕፃን የ50 ቀን ልጅ ቢሆን ቍጥሩ ብቻውን አያሠጋም፤ የ100 ቀን ልጅ ቢሆን ግን የሳንባ ምች ምልክት ነው። ትንፋሹ አንድ ሲሆን ፍርዱን የለወጠው ዕድሜው ነው። ስለዚህ አዋቂን ማስታመም የተማረ ሁሉ ጨቅላን ያስታማል ማለት አይቻልም።

መንግሥት የጽኑ ሕሙማን፥ የሕፃናትና የጨቅላ ሕፃናት ነርሶችን ለየብቻ የሚያስተምረው በዚሁ ምክንያት ነው። ለይቶ አስተምሮ ሳይለዩ ማዛወር ግን ዘርቶ አለማጨድ ነው። በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 በተደረሰው ስምምነት፥ የከፍተኛ ነርሶች ሥራ የሚወሰነው በክፍሉ ስም ሳይሆን በበሽተኛው ሁኔታ ነው፤ የአዋቂና የሕፃናት ነርስነትም ተለይቷል።

ነርስ ጥቂት በሆነበት አገር ወሰን ቢበጅ በሽተኛ ያለ ረዳት ያድራል የሚል ይኖር ይሆናል። ወሰን ግን እምቢ ማለት አይደለም። የመጣውን ሁሉ ትንፋሹን መክፈትና ደሙን ማቆም የማንኛውም ነርስ ግዴታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለተማረው ማስረከብ ነው ወሰኑ።

ስለዚህ ሹማምንት ሆይ፥ የነርስ ምደባ ስትፈርሙ ትምህርቱንና የሚያስታምመውን በሽተኛ ዕድሜ በጽሕፈት አስታውቁ፤ በሌሊትም ቢሆን የሚጠራው ማን እንደ ሆነ ይታወቅ። ካህናት ሆይ፥ ወንዱን በ40 ሴቲቱን በ80 ቀን ስለምታጠምቁ የልደትን ቀን ታውቃላችሁ፤ ወላጆች ያንን ቀን በ2004 ዓ.ም. በወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ መሠረት እንዲያስመዘግቡ፥ ለነርስም በትክክል እንዲነግሩ ምከሩ። የታመመውንም ጨቅላ የክርስትናው ቀን ይድረስ ብለው በቤት እንዳያቈዩት አስተምሩ።