ፍቱንነት ብቻውን አይበቃም

በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ቆዳን ያቀላሉ የሚባሉ ቅባቶች በየመደብሩና በየጉሊቱ ተደርድረው ይታያሉ። ገዢዋ ሻጩን የምትጠይቀው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይሠራል ወይ?» ትለዋለች። እርሱም «በሁለት ሳምንት ውስጥ ታዪዋለሽ» ሲል ይመልስላታል። የሚያሳዝነው ነገር ሻጩ ሁልጊዜ ውሸታም አለመሆኑ ነው።

ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ የተጨመረበት ቅባት በእርግጥ ቆዳን ያቀላል። ለሰው ቆዳ ጥቁረቱንና ጠይምነቱን የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ቀለም ሲሆን፣ ሜርኩሪ የዚህን ቀለም መሠራት ያግዳል። ይሁን እንጂ ቆዳ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ደም ሰርጎ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ነርቭንም ያውካል። ከፎጣና ከአንሶላ እየተነነ የሚወጣው ሜርኩሪ ቅባቱን ነክተው የማያውቁ ሕፃናትን ሳይቀር ሊመርዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን እጅ ከአንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው ቆዳ ማቅያዎች እስከ 2020 ድረስ እንዲቀሩ አዘዘ። በ2023 ደግሞ ያችኑ አንድ እጅ እንኳ የሚፈቅደው ገደብ እንዲነሣ ተወሰነ።

ሃይድሮኪኖንም እንደዚሁ ፍቱን ነው። ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ እየተቆጣጠረ ሊያዝዘው ይችላል። በዘፈቀደ ለዓመታት ሲቀቡት ግን፣ ሊያጠፋው የታሰበውን ጥቁረት ሰማያዊ ጥላ ባለውና በቀላሉ በማይለቅ ጠባሳ ይተካዋል። የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ይህን ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1975 በጽሑፍ አሳወቁ፤ መንግሥቱ ግን ቅባቶቹን ያገደው በ1990 ነበር። በነዚያ ዓመታት መካከል የስንቱ ፊት ተበላሽቶ ይሆን? ክሎቤታሶልን የመሳሰሉ ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒቶችም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተሩ ቆዳን ያሳሳሉ፤ በተዉአቸው ጊዜም ቆዳው ይቆጣል።

«አዋቂ ሰው በገዛ ቆዳው ላይ የፈለገውን የማድረግ መብት አለው» የሚሉ አሉ። አባባሉ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ምርጫ የሚባለው የሚመረጠው ነገር ሲታወቅ ነው። በማሸጊያው ላይ የይዘቱ ዝርዝር ያልተጻፈበት፣ ወይም ገዢዋ በማታነበው ቋንቋ የተጻፈበት ቅባት ምንም አላስመረጣትም። ካሎሜል የሚለው ስም የሜርኩሪ ውሁድ መሆኑን ስንቱ ሰው ያውቃል? «ወርቅና ብር እንዳይነካ» የሚለው ማስጠንቀቂያም ለጌጡ ከማሰብ የመጣ ይመስላል እንጂ፣ ሜርኩሪ መኖሩን ሊጠቁም ይችላል፤ ባዜቃ ከነዚህ ማዕድናት ጋር ይዋሐዳልና። ለቀለበት የተጠነቀቀ አምራች ለጣት አለመጠንቀቁ ያስገርማል!

ዝርዝሩን ማንበብ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መርዙን የሚጨምር ሰው ስሙን መሰወርም አያቅተውምና ንባብ ብቻውን አያድንም። ቅባቱን በላቦራቶሪ መመርመር፣ በጉምሩክ በር ላይ መያዝ የመንግሥት ሥራ ነው። ሩዋንዳ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ የተከለከሉ ቅባቶችን ከየሱቁ በማስለቀም ሥራው የሚቻል መሆኑን አሳይታለች። ጥፋቱን ሁሉ በገዢዋ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም፤ «ቀይ ናት» ማለት «ቆንጆ ናት» ማለት ሆኖ በሚሰማበት ሠፈር ያደገች ልጅ ምኞቱን ብቻዋን አልፈጠረችውም።

ለቆዳ የሚበጀው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ርካሽና ድምፁ ያልተሰማ ነው። ቫዝሊን የቆዳው ውኃ ተንኖ እንዳያልቅ ይከልላል፤ ግሊሰሪን እርጥበት ይይዛል። በውድ ዋጋ የሚሸጠው ኮላጅን ግን ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ቆዳን ዘልቆ አይገባም። በታንዛንያ፣ በሞሺ ከተማ፣ ሜላኒን ለሌላቸው የአልቢኒዝም ተጠቂዎች ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት ይዘጋጃል። ይህ ቅባት የማንንም መልክ አይለውጥም፤ በሁለት ሳምንትም የሚታይ ነገር የለውም። የሚሠራው ሥራ የቆዳ ካንሰር እንዳይመጣ መከላከል ነው።