«ና» የማን ቃል ናት?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በዛሬው ዓምዳችን የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ነው። ቃሊቱ ከአንድ ፊደል አታልፍም፤ እርሷም «ና» ናት። «ይህችማ ምን ትርጉም ያሻታል? ድክ ድክ የሚል ሕፃን እንኳ ያውቃታል» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ተማሪዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለተማሪዎቼ «በአንድ ፊደል ብቻ የሚጻፍ ቃል ከነትርጉሙ ጻፉ» የሚል ሥራ ሰጥቼ ነበር። አንዱ «ሺ» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው «ኑ» ብሎ ጻፈ። በቅርቡ ከገጠር የመጣ አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን «ና ማለት እኔን ማለት ነው» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ አልደብቃችሁም፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በቀይ ቀለምም ሰረዝሁበት። ልጁ አንገቱን ደፋ።

በዕረፍት ሰዓት ነገሩን እንደ ቀልድ አድርጌ ኦሮምኛ ለሚያውቅ አንድ ባልደረባዬ አወራሁት። እርሱ ግን አልሳቀም። «ልጁ ምን አጠፋ? በኦሮምኛ ‹ና› ማለት ‹እኔን› ማለት ነው። ‹ና ገርጋሪ› ቢልህ ‹እርዳኝ› ማለቱ ነው። ሊጠራህ ሲፈልግማ ‹ኮቱ› ይልሃል» አለኝ። እኔ ደግሞ በጥያቄዬ ላይ «የአማርኛ ቃል» አላልሁም ነበር። ስለዚህ የተሳሳተው ተማሪው ሳይሆን አስተማሪው ሆኖ ተገኘ። ያን ዕለት ማታ መጻሕፍቴን አውርጄ ይህችን «ና» ከአገር አገር ስከተላት አመሸሁ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ከቤታችን እንነሣ። በአማርኛ «ና» የሚባለው ለወንድ፣ ያውም ለእኩያ ወይም ለታናሽ ነው፤ ለሴት «ነይ»፣ ለብዙ «ኑ» ይባላል። አለቃውን «ና» ብሎ የሚጠራ ጀማሪ ጸሐፊ ቢኖር የዓመቱን የደመወዝ ጭማሪ ከወዲሁ ይርሳው፤ «ይምጡ» ማለት ይገባዋልና። አሁንም ልብ በሉ፤ «መጣ» ከሚለው ግስ ትእዛዙ «ምጣ» መሆን ይገባው ነበር። ነገር ግን «አትምጣ» እንላለን እንጂ «ምጣ» አንልም። ምክንያቱም «ና» ከ«መጣ» አልተወለደችም። በግእዝ «መጽአ» ለብቻው፣ «ነዓ፣ ንዒ፣ ንዑ» ደግሞ ለብቻው የቆመ ቃል ነው። አማርኛ ከጉሮሮ የሚወጡትን ድምፆች እየጣለ ሲሄድ «ሰምዐ» «ሰማ» ሆነ፤ «በልዐ» «በላ» ሆነ፤ «ነዓ»ም «ና» ሆና ቀረች። ትግርኛ ግን ጉሮሮውን ስላልተወ እስከ ዛሬ «ንዓ» ይላል። ዐረብኛም እንደዚሁ «መጣ» ለማለት «ጃአ»፣ «ና» ለማለት ግን ፈጽሞ ሌላ ቃል፣ «ተዓል» ይላል።

በአማርኛ ውስጥ እንኳ «ና» አንዲት ብቻ አይደለችም። «ዳቦና ሻይ» ስንል ሁለት ነገር ታጣምራለች። ከላይ «ይገባዋልና» ባልሁት ቃል መጨረሻ ላይ ምክንያት ትናገራለች። «ድቁና» እና «ቅድስና» በሚሉት ውስጥ ደግሞ የሹመትና የጠባይ ስም ታወጣለች። በየዓመቱ የምናከብረው «ሆሣዕና»ም በመጨረሻው «ና» አለው፤ ይህ ግን የእኛ «ና» አይደለም። ከዕብራይስጥ «ሆሺዓ ና» የመጣ ሲሆን «ሆሺዓ» «አድን» ማለት ነው፤ «ና» ደግሞ የልመና ቃል ናትና «እባክህ» ማለት ነው። ዛሬም በእስራኤል አገር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «እባክዎ» ለማለት ትጻፋለች። እዚያ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ወገናችን «ና» የሚል ቢያነብ ተጠራሁ ብሎ አይሂድ፤ ምናልባት «እባክዎ አያጭሱ» እየተባለ ይሆናልና!

እንግዲህ እውነተኛ ዝምድና ምን እንደሚመስል እንይ። ትግርኛ «ሃገርና» ሲል «አገራችን» ማለቱ ነው። ግእዝ «ሀገርነ» ይላል። ዐረብ «ቤታችን» ለማለት «በይቱና»፣ ዕብራዊ ደግሞ «ቤቴኑ» ይላል። እነዚህ «ና»፣ «ነ» እና «ኑ» ድምፃቸው ጥቂት ቢለያይም ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ የተቀዱ እኅትማማቾች ናቸው። ስለዚህ መልክ ብቻ አይታመንም፤ የተመሳሰሉት ባዕድ፣ የተለያዩት ወንድማማች ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወዳጄ በሻይ ሰዓት «ስዋሂሊ ከአማርኛ የተወሰደ ለመሆኑ ማስረጃ አለኝ» ብሎ ሲከራከር ሰምቼዋለሁ። ማስረጃው ምንድን ነው ብትሉ፣ በስዋሂሊ «ቻይ ና ማዚዋ» ማለት «ሻይና ወተት» ማለት መሆኑ ነው። እውነት ነው፣ ያስገርማል። ነገር ግን ስዋሂሊ ከባንቱ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ «ና»ም በኮንጎ በሚነገረው በሊንጋላ፣ በዚምባብዌ በሾና፣ በደቡብ አፍሪካ በዙሉም ትገኛለች። አማርኛ ከእነዚህ ሁሉ ጋር መቼ ሻይ ጠጣ? ቃሉ ለባንቱዎች የአያት ርስታቸው ነው እንጂ ከእኛ የተበደሩት አይደለም።

አሁን ራቅ እንበል። ሩሲያዊ «ና» ሲል «ላይ» ማለቱ ነው፤ «ና ስታልዬ» ማለት «ጠረጴዛው ላይ» ነው። ለወዳጁ ዕቃ ሲያቀብል ደግሞ «ና!» ይላል፤ ይህ የእኛ «እንካ!» ነው። ፋርሳዊ «ና» ካላችሁ ግን እምቢ ማለቱ ነው። በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪትም «ና» አፍራሽ ቃል ናት። እነዚህ ሁለቱ በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው። ሰር ዊልያም ጆንስ የተባለው የእንግሊዝ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1786 በካልካታ ባደረገው ንግግር ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውን አስታውቆ ነበር። የእንግሊዝኛው «ኖ»ም ከዚያው ቤተሰብ ነው።

ኮሪያ ብትሻገሩ «ና» ማለት «እኔ» ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደዚያ የዘመተ የቃኘው ሻለቃ ወታደር ይህን ሲሰማ የተጠራ ሊመስለው ይችል ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ጃፓን ነው። በጃፓንኛ «ኩሩ» ማለት «ይመጣል» ነው፤ ከግስ ኋላ የምትቀመጠው «ና» ደግሞ ትከለክላለች። ስለዚህ «ኩሩ ና!» ማለት «አትምጣ!» ነው። የእኛ ሰው «አንተ ኩሩ፣ ና!» የተባለ መስሎት እየተንጠባረረ ቢቀርብ ምን እንደሚገጥመው አስቡት።

ይህ ሁሉ ግጥምጥሞሽ ከየት መጣ? መልሱ የሒሳብ ነገር ነው። ፊደላችን 33 ሲሆን እያንዳንዱ 7 መልክ ስላለው 231 ይሆናል፤ ከዚያም ውስጥ እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ያሉት በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። በሌሎች ቋንቋዎችም እንዲህ ያሉ አጫጭር ድምፆች እጅግ የበዙ አይደሉም። በዓለም ላይ ግን ወደ 7,000 የሚጠጉ ቋንቋዎች አሉ። እንደ «ና» ያለውን ለአፍ የሚቀል ድምፅ ሁሉም ለየጉዳዩ ቢያውለው ምን ይደንቃል? ስለዚህ ሁለት ቃላት ሲመሳሰሉ ባያችሁ ጊዜ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በየቋንቋው ትርጉሙ ምንድን ነው? ቃሉ ቀድሞ እንዴት ይባል ነበር? የድምፁ ለውጥስ እንደ «ሰማ» እና «በላ» በሌሎች ቃላትም ላይ ይታያል ወይ?

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ የሳቅሁት በስሕተት መሆኑን በሁሉም ፊት ተናገርሁ፤ የልጁንም ነጥብ መለስሁለት። ከዚያም ጠመኔውን ሰጥቼው «ና ገርጋሪ» የሚለውን በሰሌዳው ላይ ጽፎ አስረዳን። ቀስ እያለ ነበር የጻፈው፤ በዚያን ቀን ግን የሳቀ የለም።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ተቀምጣችሁ ባለጉዳይ የምታስተናግዱ ወጣቶች ሆይ፤ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል። ነገ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ አገር መጥተው በተሰባበረ አማርኛ ሲያስረዱ በመካከሉ «ና» ቢሉ፣ «እንዴት ይደፍሩኛል?» ብላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ። «እርዳኝ» ማለታቸው ሊሆን ይችላልና አስቀድማችሁ ጠይቋቸው።

ለሚቀጥለው ሳምንት በደኅና ያገናኘን።