ጉድጓዱ ሲሞላስ? ለመጸዳጃ ቤት አሠሪ ኮሚቴያችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የኮሚቴያችን አባላት፣
ካልጋሪ

ጣና ዳር ላለችው ቀበሌ መጸዳጃ ቤት እናሠራ ብላችሁ ስትነሡ መጀመሪያ ካዋጡት አንዱ ነኝ። ገንዘባችን አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ቦታው መድረሱን እመሰክራለሁ። ምስጋናዬ ግን እዚህ ላይ ያበቃል።

ባለፈው ክረምት የተላከውን ቪዲዮ ሁላችንም አይተናል። ያሠራናቸው ጉድጓዶች ሞልተው፣ ጎርፍ ዓይነ ምድሩን እየጠረገ ወደ ሐይቁ ሲያወርደው። በስብሰባው ይህ ይነሣል ብዬ ስጠብቅ፣ የተወያያችሁት ስለ ቀጣዩ ምረቃ ነበር።

ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሲሞላ ማን ያወጣዋል? የት ይደፋዋል? በማን ገንዘብ? በበጀታችሁ ብሎኬት አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ የምረቃው ድንኳን ሳይቀር አለ፤ ለማስመጠጥ የተያዘ ሳንቲም ግን የለም። መምጠጫ መኪናው ያለው ከተማ ነው፤ የቀበሌዋ መንገድ በክረምት መኪና እንደማያሳልፍ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ትንሽ ሲቆፈር ውሃ በሚፈልቅበት ሐይቅ ዳር ጥልቅ ጉድጓድ ማውጣትም ዓይነ ምድሩን ከሐይቁ ጋር ማገናኘት ነው።

ፍሳሽ ውሃን ምን እንደሚያደርግ የምንኖርባት ከተማ ቀድማ ተምራለች። ቦው ወንዝ ከካልጋሪ በታች በውሃ አረም ተወሮ ነበር። ከተማዋ በ1982 እና 83 (እ.ኤ.አ.) ከፍሳሿ ፎስፈረስን፣ ከ1987 እስከ 1990 ደግሞ ናይትሮጅንን ስትቀንስ አረሙም እየቀነሰ ሄደ። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጣናን የወረረው የእምቦጭ አረምም የሚፋፋው በእነዚሁ ንጥረ ነገሮች ነው። ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ ድርሻ እንዳለው አውቃለሁ። እኛ ግን እምቦጭ ይነቀል ብለን በአንድ እጃችን አዋጣን፤ በሌላው ቀለቡን ላክንለት።

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። የልማት ሥራችን ሁሉ የሚቆጠረው በተመረቀው ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ቆሞ የሚያገለግለውን የሚቆጥር የለም። ለውሃ ፓምፑም ለጤና ኬላውም ሪባን የሚቆርጥ ይመጣል፤ የሚጠግን አይመጣም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ ባለ ሁለት ክፍል ደረቅ መጸዳጃ ቤት አለ። በተጠቀሙ ቁጥር አመድ ይነሰነስበታል፤ አንዱ ክፍል ሲሞላ ተዘግቶ ከዓመት በላይ ይከርምና ብስባሽ ይሆናል። መምጠጫ መኪና አያስፈልገውም፤ የሚከታተለው ሰውና የዚያ ሰው ደመወዝ ግን ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ቀጣዩ ምረቃ ይቆይ፤ በፊት የሠራናቸውን እናስተካክል። የዘንድሮ መዋጮዬን አላስቀረሁም፤ ለዚሁ ሥራ ብቻ ይዋል። ክረምት ሳይገባ መልሳችሁን ስጡኝ።