ቀንድ የሌለው ክፉ፦ የወንጀል ድራማ ለምን ያስፈራናል?



በዋድላ ደጋ ልጆች ሆነን ስናድግ ጨለማን የምንፈራው በጅብ ምክንያት ነበር። አልተኛም ያለ ልጅ «አያ ጅቦ መጣ!» ሲባል ጋቢ ውስጥ ይገባል። ከፍ ስንል ደግሞ የጭራቅ ተረት መጣ። ጭራቅ ሰው ይበላል፤ ያስፈራል። ግን አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፦ ጭራቅ መሆኑ ይታወቃል። ጥፍሩ ረጅም ነው፣ ቤቱ ዋሻ ነው፣ ከሰው ጋር አይኖርም። ተረቱ ሲያልቅ እሱም ያልቃል፤ እኛም እንተኛለን።

አሁን አድገናል። መብራት ካልጠፋ ኮን ላይ ማታ ማታ በየቤቱ ተከታታይ ድራማ ይታያል። ሰሞኑን ከመግሪብ በኋላ ሻይ ይዘን ስንጫወት አንድ ጓደኛችን እንዲህ አለ፦ «የአጋንንት ፊልም ሳይ እስቃለሁ። የወንጀል ድራማ ያየሁ ለት ግን የበሩን መቀርቀሪያ ሁለት ጊዜ ነው የምፈትሸው።» ሳቅንበት። ትንሽ ቆይተን ግን ሁላችንም እንደዚያው መሆናችንን አመንን። ለምን? የሚለው ጥያቄ ኢሻ እስኪደርስ አከራከረን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምሽት ክርክር ውጤት ነው።

ሱፍ የለበሰው ክፉ

«ሰው ለሰው» በኢቲቪ የታየው በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው። ያን ጊዜ አንዳንዶቻችን ልጆች ነበርን፤ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ ሲሰበሰብ እናስታውሳለን። የድራማው ክፉ ሰው አስናቀ ነበር፤ አንጋፋው ተዋናይ አበበ ባልቻ የተጫወተው። አስናቀ ጠመንጃ ይዞ ጫካ የገባ ሽፍታ አይደለም። ባለሀብት ነው። ሱፍ ይለብሳል፣ በረጋ ድምፅ ይናገራል፣ ሰው ያከብረዋል። ጩኸት የሚወድ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልፈራነው። ያስፈራን ያ እርጋታው ነው። ተዋናዩን እንኳ በስሙ መጥራት ትተን «አስናቀ» እንለው ነበር።

ርዕሱንም ልብ በሉ። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ርዕሱ ግማሹን ይዞ ሌላውን ለእኛ የተወልን ይመስላል። ሰው ለሰው ምኑ ነው? መድኃኒቱ ወይስ መርዙ?

ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን መጣ፤ የቱርክ ድራማዎች አማርኛ መናገር ጀመሩ። ከእነሱ አንዱ «ጥቁር ፍቅር» ነበር፤ በቱርክኛ ስሙ «ካራ ፓራ አሽክ» ነው። ኦመር የሚባል መርማሪ ፖሊስ እጮኛው ተገድላ ትገኛለች። ገዳዩን ለማግኘት አገር ያምሳል። እኛም አብረነው ወንበዴውን እንጠረጥራለን፣ ሀብታሙን እንጠረጥራለን። ነገሩ ሲገለጥ ግን እጁ ላይ ደም ያለበት ታላቅ ወንድሙ ሁሴን ነው። ራሱ ፖሊስ የሆነው፣ ከአንድ ማዕድ አብሮት የሚበላው ወንድሙ!

ሁሴን ቀንድ የለውም። ሚስትና ልጆች አሉት፤ ለእናቱ ልጅ ነው። በገንዘብ ምክንያት አንድ እግሩን ያስገባል፤ ያንን ለመሸፈን ሌላ ይጨምራል፤ ከዚያ መውጫው ይጠፋዋል። ተመልካቹ ሲያየው ይጠላዋል፤ ደግሞም ይገባዋል። መግባባቱ ነው የሚያስደነግጠው።

ሦስት ምክንያቶች

በዚያ ምሽት ክርክራችን ሦስት መልስ ላይ ደረስን።

አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ክፉ ሰው እኛን ይመስላል። እንደ እኛ ሰላምታ ይሰጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ዓይናችን አይለየውም።

ሁለተኛ፣ ምክንያት አለው። ጭራቅ ሰው የሚበላው ጭራቅ ስለሆነ ነው። የድራማው ሰው ግን ብድር አለበት፣ ቅናት አለበት፣ ክብሬ ተነካ ይላል። እነዚህ ነገሮች በእኛም ቤት አሉ።

ሦስተኛ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። ጭራቅን ነገ ገበያ ላይ አናገኘውም። ሁሴንን ወይም አስናቀን የሚመስል ሰው ግን ነገ ጠዋት ሱቅ ልናገኘው እንችላለን። በር ላይ የምንደርበው መቀርቀሪያ ለዚህ ነው፤ ክፋቱ ግን በበር የሚገባው ተጋብዞ ነው።

ይህ ቱርክ ወይም አዲስ አበባ የፈጠረው ታሪክ እንዳይመስለን። የነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐለይሂ ሰላም) ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ጉድጓድ ውስጥ የጣሉት ጠላቶቹ አልነበሩም፤ የአባቱ ልጆች ነበሩ። ልጁን ለጨዋታ እንውሰደው ብለው፣ እንጠብቀዋለን ብለው ወሰዱት። ማታ እያለቀሱ ተመለሱ፤ ሸሚዙ ላይ የሐሰት ደም ቀብተው አመጡ። ልመና፣ ቃል፣ ማስመሰያ፣ ዕንባ፦ ዛሬ የወንጀል ድራማ የሚሠራበት ሁሉ እዚያ አለ። ከዚያም በፊት የመጀመሪያው ግድያ የተፈጸመው በሁለት ወንድማማቾች መካከል ነው፤ መነሻውም ቅናት ነበር።

ከድራማ ውጭ

«ይህ ፊልም ነው» የሚል ካለ ሁለት እውነተኛ ሰዎችን እናስታውስ።

ሃሮልድ ሺፕማን በእንግሊዝ ማንቸስተር አቅራቢያ ሃይድ በምትባል ከተማ ሐኪም ነበር። ሕመምተኞቹ ይወዱት ነበር፤ ቤት ድረስ ሄዶ የሚያክም ሰው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. 15 ሕመምተኞቹን በመግደል ጥፋተኛ ተባለ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ የገደላቸው ሰዎች ወደ 215 እንደሚጠጉ ደመደመ። አብዛኞቹ እሱን አምነው በር የከፈቱለት አሮጊቶች ነበሩ።

ሁለተኛው ለእኛ ይቀርባል። ኪዳኔ ዘካሪያስ የሚባለው ኤርትራዊ ሊቢያ ውስጥ በኒ ዋሊድ በምትባል ቦታ ስደተኞችን መጋዘን ውስጥ እያጎረና እያሰቃየ ከቤተሰቦቻቸው ገንዘብ ይቀበል ነበር። ከእነዚያ ስደተኞች ብዙዎቹ የእኛው አገር ልጆች ናቸው። ይህ ሰው በ2020 እ.ኤ.አ. የተያዘው እንዴት ነው? በእጁ ካለፉት ተጎጂዎች አንዱ አዲስ አበባ መንገድ ላይ አይቶ ስላወቀው ነው። እንደማንኛውም ሰው በከተማው መሀል ይሄድ ነበር! ሱብሃነላህ! ከጎኑ ያለፉት ስንት ሰዎች እንደሆኑ አስቡት። ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ለማየትም ምክንያት አልነበረውም። በፍርድ ሂደቱ መሀል አምልጦ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሱዳን ውስጥ እንደገና ተያዘ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። ከሰሜን ወሎ ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ወጣት ብዛት ለማናችንም አዲስ ነገር አይደለም። የማያውቁት ሰው መጥቶ «ና ልውሰድህ» ቢል ማን ይከተለዋል? የሚከተሉት የሚያውቁትን ነው። ደላላው ማታ በመስኮት አይገባም። ቡና ላይ ይቀመጣል፤ እናትን «እትዬ» ይላል፤ ልጅቷን «እንደ እህቴ ነው የማያት» ይላል። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል» የሚለው ተረት አለን። የዘንድሮው ጅብ ግን በሚያውቁት አገር፣ በገዛ ሰፈሩ ነው ቁርበት የሚነጠፍለት።

የፍርሃቱ ሌላ አደጋ

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን። «ክፉው ሰው እኛን ይመስላል» ካልን ቀጥሎ የሚመጣው «እንግዲያው ማንንም አትመኑ» ነው። ይህ ደግሞ ሌላ መርዝ ነው።

እኛ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ብዙ ያየን ሕዝብ ነን። ጦርነቱ ከወልድያ በጋሸና በኮን አድርጎ ወደ ጋይንት በሚወስደው በዚሁ መንገድ አልፏል። ጦርነት ካለፈ በኋላም የሚቀር ነገር አለ፦ «ማን ማንን ጠቆመ?» የሚል ሹክሹክታ። ወሎ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ ኖረው፣ በደስታና በለቅሶ ተጠራርተው ነው ያደጉት። እዚህ አገር ጎረቤቱን የሚጠረጥር ሰው ምን ይተርፈዋል? ቤቱ ሲቃጠል ውኃ ይዞ የሚሮጠው ያው ጎረቤቱ ነው። ድራማ አይተን ሰውን ሁሉ የምንጠረጥር ከሆነ ክፉው ሰው ሳይመጣብን ሥራውን ሠርቶልን ሄደ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኛ የተስማማንበት ይህ ነው፦ ፊትን መመርመር ትተን አካሄድን እንመርምር። ድራማውን እንደገና ብናየው ክፉው ሰው ፊቱ ላይ ምልክት ባይኖረውም ሥራው ላይ ግን ምልክት አለው። ያቻኩላል፦ «ዛሬ ካልወሰንሽ ዕድሉ ያመልጣል።» ምስጢር ያስጠብቃል፦ «ለአባትህ እንዳትነግር።» ዕዳ ያስገባል፦ «ክፍያውን ስትደርሺ ትከፍይኛለሽ።» ወረቀት ይይዛል፦ «መታወቂያህ እኔ ጋ ይቀመጥ።» እነዚህን አራት ነገሮች የሚያደርግ ሰው አጎታችንም ቢሆን ቆም ብለን እንጠይቀው። የማያደርግ ሰው ደግሞ መልኩ፣ ቋንቋው ወይም ሃይማኖቱ ስለተለየ ብቻ አንጠርጥረው። ቸር ሰው ሲጠየቅ አይቆጣም፤ ለአባትህ ንገር ቢሉትም አይደነግጥም።

ማን ነው ሁሴን?

የመጨረሻው ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ድራማ ስናይ ሁላችንም ኦመር ነን። ፈላጊው እኛ፣ ተበዳዩ እኛ፣ እውነተኛው እኛ። በሁሴን ቦታ ራሱን የሚያስቀምጥ ማንም የለም። ሁሴን ግን ጠዋት ተነሥቶ «ዛሬ ወንድሜን አከስራለሁ» አላለም። በአንድ ትንሽ ነገር ጀመረ።

በከተማችን ትንሹ ነገር ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሥራ የሌለው ወጣት ጋ ሰው ይመጣል፤ ሻይ ይጋብዛል። «አንተ ምንም አታደርግም፤ መሄድ የሚፈልግ ልጅ ካለ ስልኩን ብቻ ስጠኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ይህን ያህል አለህ» ይላል። ስልክ ቁጥር መስጠት ምን ወንጀል አለው? ብሩም ያስፈልጋል፤ ቤት ውስጥ ችግር አለ። ሰጠ። ከወራት በኋላ ያ የሰጠው ልጅ በረሃ ላይ ቀረ ቢባል፣ ገንዘብ ላኩ ተብሎ እናቱ ከብቷን ብትሸጥ፣ ስልኩን የሰጠው ልጅ ማን ይባላል? በሕግ ፊት ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያነጣጥረው ሊቢያ ባለው አለቃ ላይ ብቻ አይደለም፤ የሚመለምለውንና የሚተባበረውንም ይመለከታል። ከሕጉም በላይ ግን ያ ልጅ ለቅሶ ቤት ሄዶ እናቲቱ ፊት መቀመጥ አለበት። እያለቀሰ ሊቀመጥ ይችላል። ዕንባው እውነተኛም ሊሆን ይችላል።

የወንጀል ድራማ በእውነት የሚያስፈራን ይህን ስለሚያውቅብን ነው። በእኛና በዚያ ክፉ ሰው መካከል ዋሻና ጥፍር የለም። አንድ ሻይ፣ አንድ ስልክ ቁጥር፣ አንድ «ምንም አይደል» ነው ያለው።

ስለዚህ ድራማውን ተዉት አንልም። ስታዩ ግን ሁለት ጊዜ ጠይቁ። አንድ ጊዜ «በሰፈሬ እንዲህ የሚያደርግ ማን ነው?» ብላችሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ «እኔ የጀመርኩት ትንሽ ነገር አለ ወይ?» ብላችሁ። የጀመረ ካለ ዛሬ ያቁም፤ ስልክ ቁጥር የሰጠ ካለ ልጁ ሳይነሣ ዛሬ ማታ ሄዶ እውነቱን ይንገረው። ሁሴን ያላገኘው ዕድል ይህ ነው።

አላህ ከክፉ ሰው ክፋት ይጠብቀን፤ እኛም ለሰው ክፉ ከመሆን ይጠብቀን። አሚን።

በመንገድ ላይ ያለ ልጅ ካወቃችሁ ይህን ጽሑፍ አድርሱት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።