ሦስት ሰዓት ላለው እንግዳ

በቦሌ በኩል ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ መንገደኛ ብዙ ነው። ከነዚህም መካከል ከአንዱ ኤሮፕላን ወርዶ ሌላው እስኪነሣ ጥቂት ሰዓት የሚተርፈው ሰው፣ ወንበር ላይ ከሚያንቀላፋ ከተማችንን ቢያይ ይመርጣል። ይህ ደግ አሳብ ነው። እኛን የሚያነጋግረን በዚያች አጭር ጊዜ የሚያሳዩት ነገር ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ይወሰድና ድንቅነሽን ያያል፤ ቅድስት ሥላሴ ይገባል፤ ጊዜ ከተረፈ እንጦጦ ይወጣል። አንዳንዱም እዚህ ስድስት ኪሎ እኛ ግቢ ድረስ ይመጣል። መርካቶንስ? መርካቶን በመኪና መስኮት ያያል፤ ያውም መስተዋቱ ተዘግቶ፣ «ቦርሳዎን ይያዙ» ተብሎ።

ድንቅነሽ አትታይ አንልም። ነገር ግን እርስዋ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት በአፋር ምድር የኖረች እንጂ የአዲስ አበባ ሰው አይደለችም። አዲስ አበቤን ለማየት የመጣ ሰው ገበያ መውጣት አለበት።

ስለዚህ ሦስት ሰዓት ያለው እንግዳ ጊዮርጊስ ካለው ከምኒልክ ሐውልት ሥር ተነሥቶ፣ በእግሩ መርካቶን አቋርጦ አብነት ድረስ ይውረድ ባዮች ነን። መንገዱን ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ዱሮ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ እዚያው ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘች በኋላ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ ይኑር በሚለው መመሪያዋ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥታ ወደ ምዕራብ ገፋችው። መርካቶ የሚለው ቃል ራሱ በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። በ1933 ዓ.ም. እነርሱ ሄዱ፤ ገበያው ግን ወደ አራዳ አልተመለሰም። ሊያገልሉት ባዘጋጁለት ቦታ ላይ ሕዝቡ የአገሩን ንግድ እምብርት አቆመበት። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ይህንን በመጽሐፍ አንብበነዋል፤ ስንቶቻችን በእግራችን እንደሄድንበት ግን ባይጠየቅ ይሻላል።

እንግዳው በዚህ መንገድ ሲወርድ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንንና ታላቁን አንዋር መስጊድ ጎረቤት ሆነው ያገኛቸዋል። ከዚያ ምን አለሽ ተራ ይግባ፤ እዚህ ላይ አይቸኩል። የዘይት ቆርቆሮ፣ የተጣመመ ብረት፣ ያለቀ የመኪና ጎማ ይገባል፤ የከሰል ምድጃና በረባሶ ሆኖ ይወጣል። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። ዛሬ በየስብሰባው አዳራሽ «መልሶ መጠቀም» እየተባለ ወረቀት የሚነበብበትን ሥራ ምን አለሽ ተራ ያለ ወረቀት ሲሠራው ኖሯል።

ሌባስ? አለ። በየትኛው ታላቅ ገበያ የለም? ከመካከላችን አብነት ተወልደው ያደጉ አሉ፤ ኪሳቸውን ይዘው መሄድን ከነፍስ ማወቃቸው ጀምረው ተምረውታል፤ ለእንግዳም በአምስት ደቂቃ ያስተምሩታል።

ይህ ሁሉ የእንግዳ ፍቅር ብቻ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ተቃጠለ፤ የብዙ ነጋዴ ጥሪት በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። መተላለፊያው ለእሳት አደጋ መኪና አይመችም ነበርና፣ መርካቶ ምንም ሳይነካ እንዳለ ይቀመጥ የሚል ሰው አስተዋይ አይደለም። መንገዱ ይስፋ፤ ውኃው ይግባ። ዳሩ ግን ተራ ማለት ጠባብ መንገድ ማለት ብቻ አይደለም። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋጋ የሚሰማሙበት፣ ዕቃ ሲጎድል የሚበዳደሩበት፣ ዕቁብ የሚጥሉበት ማኅበር ነው። ይህን ማኅበር በትኖ በየፎቁ መደርደር ቀላል ነው፤ መልሶ መሰብሰብ ግን አይቻልም። ከተማ ደግሞ ለእንግዳ የምታሳየውን ታሳምራለች፤ አበባ ትተክልለታለች፤ መብራት ታበራለታለች። ለእንግዳ የማይታየው ሲፈርስ የሚያፍር አይገኝም። መርካቶ ከመስተዋት ወዲያ እስከ ቆየ ድረስ፣ ስለ ዕጣው የሚመክሩት ሰዎችም እንደ እንግዶቹ በመስኮት ብቻ አይተውት እንዳይመክሩ እንሰጋለን።

ለተማሪዎች ማኅበራችን ያለን አሳብ አጭር ነው። ቋንቋ የሚችሉና ሠፈሩን የሚያውቁ ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳ ይምሩ። ከሚገኘው ገንዘብ ግማሹ ለመሪዎቹ፣ ግማሹ ለተቸገሩ ጓደኞቻችን መጽሐፍ መግዣ ይዋል። ጉዞው አብነት ሻይ ቤት ውስጥ ያልቃል። አብነት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቀላል ባቡር ጣቢያ አለውና ከዚያ ለገሃር መድረስ ቀላል ነው፤ ባቡሩ ከዘገየ ታክሲ ሞልቷል። እንግዳው ሁለት ነገር ብቻ አስቀድሞ ይነገረው፦ ፎቶግራፍ የሚነሣው ባለቤቱ ሲፈቅድ ነው፤ ጆንያ የተሸከመ ሰው ከኋላው «ዞር በል!» ሲል ደግሞ ወደ ግድግዳ መጠጋት ነው፤ ተሸካሚው አይቆምለትም።