በአረጋውያን መጦሪያ የሚሰወር በደል

በአገራችን ጧሪ ልጅ ወይም ዘመድ ያለው አረጋዊ የሚያረጀው በአብዛኛው በቤቱ ነው። ወደ መጦሪያ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ የጎደለበት ሰው ስለ ሆነ፣ ቢበደል «ምን አገኘው?» ብሎ የሚጠይቅለት የለም። በበዓል ቀን ዳቦና ሳሙና አስይዘው ተማሪዎቻቸውን ወደዚያ የሚወስዱ መምህራን እንግዲህ ሳያስቡት ምስክር ሆነዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን መሠረት አድርጎ እንደገለጸው፣ በእንዲህ ያሉ ተቋማት ከሚሠሩ ሦስት ሠራተኞች ሁለቱ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ አረጋዊ መበደላቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። እነዚህ ሁሉ ጨካኞች ናቸው ብለን አናምንም፤ ሠራተኛ ሲያንስና ተቆጣጣሪ ሲጠፋ፣ ስድቡም ቸልታውም ልማድ ይሆናል።

ከምልክቶቹ ሁሉ ዋናው የመኝታ ቁስል ነው። መነሣት የማይችል ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ሰዓት ሲተኛ፣ በወገቡ ታች፣ በዳሌውና በተረከዙ ላይ አጥንቱ ሥጋውን ተጭኖ ደም ይከለክለዋል፤ በሽንት የራሰ አንሶላም ያብሰዋል። በጠቆረ ቆዳ ላይ የመጀመሪያው መቅላት ስለማይታይ፣ ስፍራው ይበልጥ መጥቆሩን፣ መሞቁን ወይም መጠጠሩን ማስተዋል ያሻል። በጽኑ የታመመ ሰው በመልካም አያያዝም ሊቆስል ይችላል። ነገር ግን ሳይታጠብና ሳይሸፈን የሚሸት ቁስል ቸልታን ያመለክታል። ጎብኚ ልብስ ሊገልጥ አይገባውም፤ «አባባ፣ ሌሊት ማን ያገላብጥዎታል?» ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል። የደረቀ ከንፈር፣ በእጅ አንጓ ላይ የገመድ ምልክት፣ ቀኑን ሙሉ በመድኃኒት መደንዘዝ፣ ሠራተኛ ሲገባ ድንገት ዝም ማለት፣ እነዚህም ይታያሉ። የአረጋዊ ቆዳ በቀላሉ ስለሚበልዝ አንድ ብላዝ ብቻ አይቶ መክሰስ ተገቢ አይደለም። በሁለቱ ክንዶች ላይ የጣት አሻራ የመሰለ ብላዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ቤቱ በምጽዋት የሚተዳደር ነውና ስሙን አናጥፋ» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል፤ ስለዚህ የአረጋዊው እንክብካቤ ከሰጪው ቸርነት ብቻ የመጣ አይደለም። ደግሞስ ደግ ሥራ የሚሠራ ቤት ስለ መታየቱ ለምን ይቀየማል?

በደል የጠረጠረ ሰው ቀኑን፣ ክፍሉንና ያየውን በማስታወሻው ይጻፍ፤ ከአረጋዊውም ጋር ለብቻው ይነጋገር። ዱላ ወይም ማሰር ካለ ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ፣ ቸልታ ከሆነ ለቤቱ ኃላፊና ለወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያመልክት። የተናገረው አረጋዊ ቂም እንዳይያዝበት ስሙ በሠራተኞች ፊት አይነሣ። ከአንድ ሳምንት በኋላም በዓል ባልሆነ ቀን፣ ሳያስታውቅ፣ ተመልሶ ይጠይቀው።