በነፃ ያገለገለ አይጠየቅምን?

በሸዋ ቤንችም ሆነ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒም ሆነ ከእነርሱ ወዲህና ወዲያ ባሉት የቡና ከተሞች፣ ዝናቡ የዓመቱን የሚበዙ ወራት በሚወርድበትና ቀዩ ጭቃ የእግረኛውን ጫማና የጭነት መኪናውን ጎማ እኩል በሚይዝበት አገር፣ የሠፈሩን መንገድ የሚያስጠርገው፣ ቦዩን የሚያስቆፍረው፣ የመብራት ምሰሶ የሚያስተክለውና የውሃ ቦኖውን የሚያስጠብቀው ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሹም ሳይሆን ጎረቤቶቹ እጃቸውን አውጥተው የመረጡት የልማት ኮሚቴ ነው። ለዚህ ኮሚቴ ክብር ይገባዋል፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለይስሙላ አይደለም፤ ያለ እርሱ ብዙ ሠፈር ክረምትን መሻገር በተሳነው ነበርና። ዳሩ ግን በዚሁ ክብር ጥላ ሥር አንድ ክፉ አሳብ በቅሎ፣ ሥር ሰዶ፣ ዛሬ እንደ ደንብ ተቆጥሮ ይኖራል፤ እርሱም በነፃ የሚያገለግልን ሰው ሒሳብ መጠየቅ ነውር ነው የሚለው ነው።

ይህን አሳብ በማንኛውም መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ተጽፎ አላየሁትም፤ የበረታውም ስላልተጻፈ ነው። የተጻፈ ቢሆን ኖሮ አንዱ ተነሥቶ ይህ አንቀጽ ይሠረዝ ባለ ነበር፤ አሁን ግን በይሉኝታ ተሸፍኖ፣ በሽማግሌ አፍ ተባርኮ፣ ጠያቂውን ምስጋና ቢስ፣ ተጠያቂውን ሰማዕት አድርጎ እያሳየ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ በተደረገ የሠፈር ጉባኤ ላይ፣ መንገድ ዳር ቡና እያፈላች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ አምና ለቦይ ያዋጣነው ገንዘብ ከምን ደረሰ?» ብላ በትሕትና ስትጠይቅ ሰምቻለሁ። ሊቀ መንበሩ ፊቱ ተለዋውጦ፣ «ሱቄን ዘግቼ፣ ቤቴን ትቼ ለእናንተ በሮጥሁ ሌባ ልባል ነው?» አለ፤ ከፊት የተቀመጡትም አዛውንት ዘወር ብለው፣ «ተዪ የኔ ልጅ፣ ያገለገለ አይወቀስም» አሏት፤ እርሷም ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። ያ ገንዘብ ተበልቶ ነበር ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ምናልባትም ሣንቲም ሳይጎድለው በባንክ ተቀምጦ ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚያች ሰዓት መዝገቡ ተከፍቶ ቢነበብ ኖሮ እናቲቱም መልስ፣ ሊቀ መንበሩም ንጽሕና ባገኙ ነበር፤ ስላልተነበበ ግን እርሷ ጥርጣሬዋን፣ እርሱ ቅሬታውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ በሚቀጥለው ዓመትም መዋጮ ሲጠየቅ ያ ጥርጣሬ በየደጁ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ስንመረምረው ስሕተቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ከመቍጠር የመጣ ሆኖ እናገኘዋለን። አንድ ሰው ከሥራው ሰዓት ቀንሶ፣ ከዕንቅልፉ ሸርፎ፣ ማዘጋጃ ቤቱን በገዛ እግሩ እየተመላለሰ ሲለምን የሚሰጠው የራሱን ነው፤ ስለዚህም ጊዜውንና ድካሙን በተመለከተ ማንም ሊጠይቀው አይችልም። በእጁ ያለው መዋጮ ግን ከቡና ለቃሚው የቀን ሒሳብ፣ ከአስተማሪው ደመወዝ፣ ከዚያች እናት የጀበና ገቢ ተለቃቅሞ የተሰበሰበ አደራ ነው። የራሱን ጕልበት በልግስና የሰጠ ሰው የሌላውን ገንዘብ ያለ ምስክር የመያዝ ሥልጣን አያገኝም፤ ልግስናው በራሱ ገንዘብና በራሱ ጊዜ ላይ ያበቃል።

ይህም አዲስ ትምህርት አይደለም። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ በኢየሩሳሌም የነበረው የመጀመሪያው የምእመናን ማኅበር ሀብቱን አንድ አድርጎ ይኖር በነበረበት ወራት፣ ግሪክኛ የሚናገሩት ወገኖች መበለቶቻችን በዕለታዊው ማዕድ ተዘነጉ ብለው ባጕረመረሙ ጊዜ፣ ሐዋርያት ቤታቸውንና መረባቸውን ትተው ያለ ዋጋ የሚያገለግሉ ሲሆኑ ስለምን እንጠየቃለን ብለው አልተቈጡም፤ የሚያጕረመርሙትንም ምስጋና ቢሶች ብለው አልገሠጹም። ይልቁንም ሕዝቡን ጠርተው መልካም ምስክር ያላቸውን ሰባት ሰዎች ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ፤ ከተመረጡትም አንዱ ቤተ ክርስቲያናችን ቀዳሜ ሰማዕት ብላ የምታከብረው እስጢፋኖስ ነበረ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ ጉባኤው የማዕዱን አገልግሎት አቤቱታ ካሰሙት ወገኖች ላልራቁ ሰዎች እንደ ሰጠ ይገለጥለታል። እንግዲህ ያ የከበረ የዲቁና ማዕርግ የተወለደው ከመበለቶች አቤቱታ ነው፤ እኛ ግን በአዳራሻችን የተነሣችውን እናት ተቀመጪ እንላታለን። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን ሊይዘው አልወደደም፤ ስለ ስጦታው ማንም ነቀፋ እንዳያነሣበት ተጠንቅቆ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም አብሮ እንዲሄድ አድርጓል፤ ይህም በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 8 ይገኛል። ያን የሚያህል ሐዋርያ ምስክር ከፈለገ፣ የእኛ ሠፈር ገንዘብ ያዥ ምስክር ሲቀርብለት ስለምን ይቀየማል? ሙስሊሙ ጎረቤታችንም አማና ሲል የሚረዳው ይህንኑ ነው፤ በደብራችንም ቢሆን ሙዳየ ምጽዋቱ አንድ ሰው ብቻውን የሚከፍተው አይደለም።

የሚያስደንቀው ደግሞ ይኸው ሕዝብ በእድሩ ጥብቅ መሆኑ ነው። ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱና ሙስሊሙ በአንድ ድንኳን ሥር በሚቀመጡበት የከተማ እድር ውስጥ ወርኃዊ ክፍያ ያሳለፈ ይቀጣል፣ ለቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ዳኛውም ዘግይቶ ቢመጣ እንደ ማንኛውም አባል ይቀጣል፤ ዕቃው፣ ድስቱና ወንበሩ ሳይቀር በመዝገብ ተቈጥሮ ይረከባል። ለሞት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ ለሕይወቱ፣ ይኸውም ለመንገዱ፣ ለውሃውና ለልጁ ትምህርት ቤት ስለምን ቸል ይላል?

መልሱን ከታሪካችን እናገኘዋለን ብዬ አምናለሁ። በ1950ዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ከዓለም ገና ተነሥቶ እስከ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቁመው፣ ሀብታሙም ድሀውም እያዋጣ ሥራውን ከመንግሥት ጋር ተባብሮ ሲያካሂድ፣ ራስን በራስ የመርዳት ማኅበር በአገራችን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ታይቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአንቀጽ 404 ጀምሮ ስለ ማኅበራት በሰፊው ደንግጎ፣ ለአንድ ጉዳይ ከሕዝብ ገንዘብ ስለሚሰበስቡ ኮሚቴዎች ደግሞ ለብቻው ድንጋጌ አኑሯል። ከዚያ በኋላ ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሲሆን፣ የሠፈሩ ነዋሪ በቀበሌ ማኅበር ተደራጀ፤ ውሎ ሳያድርም የቀበሌው ሊቀ መንበር የቤት፣ የፍርድና የጠመንጃ ባለቤት ሆነ። በዚያ ዘመን ሊቀ መንበርን ስለ ገንዘብ መጠየቅ በራስ ላይ መፍረድ ነበር። ፍርሃቱ ካለፈ ዘመን ቢቆጠርም ልማዱ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ፣ ዛሬ ጨዋነት የሚል ስም ወጥቶለት ይኖራል። ከዚህም በላይ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቍጥር 1113 እድርንና እቁብን የመሰሉትን ባህላዊ ስብስቦች ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል። እኔ ይህን አልነቅፈውም፤ እድራችን የመንግሥትን ማኅተም ሳይጠብቅ መኖሩ ይበጃል። ሆኖም ከውጭ ተቆጣጣሪ የሌለው ማኅበር ከውስጥም ተቆጣጣሪ ካጣ የሚቀረው የአንድ ሰው ሕሊና ብቻ ነው፤ የሠፈርን ገንዘብ በአንድ ሰው ሕሊና ላይ መጣል ደግሞ ያን ሰው ወደ ፈተና መግፋት ነው።

ሌላም የከፋ ነገር ከዚሁ አሳብ ይወለዳል። የማይጠየቅ ወንበር የማይለቀቅ ወንበር ይሆናል። በየከተማው እንደሚታየው አንዱ ሰው የእድሩ ዳኛ፣ የመንገድ ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ የወላጆች ኮሚቴው ሰብሳቢና የውሃ ኮሚቴው አባል ሆኖ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሰውዬው ደክሞት ልልቀቅ ቢል እንኳ ከአንተ በቀር ማን አለን እየተባለ በጭብጨባ ይመለሳል። ይህ ጭብጨባ ለእርሱ ውዳሴ ከንቱ ነው፣ ለእኛም የስንፍና መሸሸጊያ ነው። የምናጨበጭበው እርሱ ስለሚሻል ብቻ አይደለም፤ እርሱ ከተነሣ ተራው ወደ እኛ ስለሚደርስ ነው። በስብሰባ ያልተገኘ ሰው በሌለበት ተመርጦ በማግስቱ ሥራ ይበዛብኛል ብሎ ሲሸሽ፣ የተማረው ወጣት ቀኑን ሙሉ መንገዱን እየረገመ ሲውል፣ ያ ደካማ ሽማግሌ ብቻውን የማዘጋጃ ቤቱን ደጅ ይጠናል። ስለ ሒሳብ የማንጠይቀው ስለምናከብረው ቢመስለንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጠየቀ ሰው ና እንግዲህ አንተ ሥራው እንዳይባል ስለሚፈራ ነው።

በእነዚህም ኮሚቴዎች ማን እንደማይቀመጥ እንመልከት። ሚዛን ተፈሪና አማን አንድ ከተማ ሆነው ሰፍተዋል፤ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ክልል ሆኖ መሥሪያ ቤቶቹ በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በተርጫና በቴፒ ከተከፋፈሉ ወዲህ፣ በኪራይ ቤት የሚኖረው ሠራተኛ፣ ተማሪና ነጋዴ እጅግ በዝቷል። ይህ ተከራይ በጭቃው ይሄዳል፣ በጨለማው ይሰናከላል፣ መዋጮውንም በቤት ኪራዩ ላይ ተጨምሮበት ይከፍላል፤ ለጉባኤ ግን የሚጠራው ባለ ይዞታው ነው። ውሃ የምትቀዳው ሴት በውሃ ኮሚቴው ውስጥ ብትገኝ ብዙውን ጊዜ ለስብሰባው ቡና እንድታፈላ ነው። ስብሰባውም ቡና በሚደርስበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ለቃሚውና ባለ ማሳው በጫካ ውለው በሚያመሹበት ሰዓት ይጠራና፣ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ በተገኘው ሰው ይወሰን ይባላል። የቤንች ተወላጅ የሆነው ገበሬ ከከተማው ዳር ሆኖ መሬቱ ለመንገድ ሲቆረጥ የሚሰማው ውሳኔው ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ ዓይነት የተመረጠ ኮሚቴ ምንም ያህል ቅን ቢሆን የሠፈሩ ግማሽ ኮሚቴ ነው።

አንዳንዶች መድኃኒቱ አበል መክፈል ነው ይላሉ። እኔ በከፊል እስማማለሁ። እድር ለጥሩምባ ነፊው ዋጋውን ይከፍላል፤ በዚህም የእድሩ በጎነት ቀነሰ ያለ ሰው አልሰማሁም። መዝገብ ለሚይዘውና ሒሳብ ለሚያዘጋጀው ወጣት ጥቂት ገንዘብ መክፈል ተገቢ ነው፤ ሥራው ሙያ ነውና፣ የተከፈለውም ሰው አላየሁም አላወቅሁም ሊል አይችልም። ለሊቀ መንበሩና ለዳኛው ግን ምስጋና ይብቃቸው፤ ወንበሩ የሚከፈልበት በሆነ ቀን ለገንዘቡ የሚሻማበት ይነሣልና፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የቆየ ብሒል በሠፈር ልማት ላይ እንዲሠለጥን አልሻም።

መንግሥትም ከዚህ ነገር ነፃ አይደለም። የቀበሌው ሹም በበጎ ፈቃድ የሚያገለግለውን ኮሚቴ የራሱ ገንዘብ ሰብሳቢ ሲያደርገው፣ በፈቃድ የተባለው መዋጮ ያልከፈለ አገልግሎት አያገኝም ሲባል፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ደጅ እንደ ቀረጥ ተቀባይ ይቆማል፤ ለድንጋይ ንጣፉ ሕዝቡ ድርሻውን ከፍሎ የመንግሥቱ ድርሻ ሲዘገይም የሚሰደበው ያው ደመወዝ የሌለው ኮሚቴ ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ድርሻ በጽሑፍ አስታውቆ በሠፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይገባዋል፤ ኮሚቴውም ከአጠገቡ የሰበሰበውንና ያወጣውን ይለጥፍ። በደረሰኝ ያልተቀበለውን መዋጮ ማንም አይክፈል። የኮሚቴውም ዘመን ተወስኖ፣ ያ ዘመን ሲፈጸም ሰውየው ቢወደድም ይረፍ።

አንባቢ ሆይ፣ የሠፈርህ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ አትቅር። ተከራይ ብትሆንም ሂድ። ሊቀ መንበሩን ስለ ድካሙ ቆመህ አመስግነው፤ ሳትቀመጥም ገንዘብ ያዡ የዓመቱን ገቢና ወጪ ከነደረሰኙ ሳያነብ አዲስ ምርጫ እንዳይጀመር ጠይቅ፤ ምርጫው ደርሶ ስምህ ከተጠራ ደግሞ እሺ በል።